ታናሾቻችሁን ማመልከቻ ለምታግዙ

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ በቅርቡ አንድ መልእክት ይደርሳችኋል። ላኪው ታናሽ ወንድም፣ የአክስት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሷል፤ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይፈልጋል። «አንተ አልፈህበታል፣ እስቲ ማመልከቻዬን እይልኝ» ይላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ አይደለም፤ ለእናንተ ነው። እሱን የሚመክር ሞልቷል። እናንተን ግን «እንዲህ አድርጋችሁ አግዙት» ብሎ ቁጭ አድርጎ የነገራችሁ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ጊዜ ቀርቶኛል። ከ30 ዓመት በላይ ክፍል ሲያልቅ ተማሪዎች ማመልከቻቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣሉ። ስንቱን እንዳየሁ አልቆጠርኩም። የምነግራችሁን ነገር ግን ከብዙዎቹ ሳይሆን ከአንዷ ነው የተማርኩት።

ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። መጻፍ ሲባል ግን ትጨነቃለች። ማመልከቻው ደግሞ ስለ ራሷና ስለ መረጠችው ትምህርት አንድ ጽሑፍ ይጠይቃል። ቀኑ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ባዶ ወረቀት ይዛ መጣች። አሳዘነችኝ። «በይ ስጪኝ» አልኳትና በአንድ ምሽት ጻፍኩላት። ጽሑፉ ያምር ነበር። መግቢያው ስለ ከዋክብት ያወራል፣ መሃሉ ስለ ቁጥር ውበት። አንብባው «ቲቸር፣ በጣም አሪፍ ነው» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። የመጀመሪያው ጥያቄ ከጽሑፉ የወጣ ነበር። ስለ ከዋክብቱ እንድታጫውታቸው ጠየቋት። የምትለው አጣች። ከዋክብቱ የእኔ ነበሩ። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በሌላ ጥያቄ ሊያረጋጓት ሞከሩ። እሷ ግን አንዴ ደንግጣለችና የምታውቀውም ጠፋባት። ተመልሳ ስትነግረኝ አንገቷን ደፍታ ነበር። አልተቆጣችኝም። «አሳፈርኩዎት» አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። አበዳሪው እኔ ስሆን ግን ትዝ አላለኝም።

ቦታውን ማጣቷ ብቻ አይደለም ያሳዘነኝ። ያን ምሽት ብዕሩን ስወስድባት፣ ሳላስበው «ያንቺ ቃል አይበቃም» ብያታለሁ። እሷም አምናኛለች። ያገዝኳት መስሎኝ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ፋርማሲ መማር ይፈልጋል። ለምን ስለው «ሰው መርዳት ስለምወድ» አለኝ። ሌላስ? «ስለ ራሴ የምጽፈው ምንም የለኝም።» ይህችን ዓረፍተ ነገር እናንተም ትሰሟታላችሁ፤ ተዘጋጁላት። እኔ ስለ ወደፊት ሕልሙ መጠየቄን ተውኩና «ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥተህ ምን ሠራህ?» አልኩት። ዓይናቸው የደከመ አንዲት ጎረቤት አሉ፣ የመድኃኒታቸውን ወረቀት አነብላቸዋለሁ አለኝ። ቀስ እያልኩ ጠየቅኩት። አንድ ቀን ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ያዘዙላቸውን ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። ከላይ በትልቁ የተጻፈው ስም ይለያያል። ከሥር በደቃቃ ፊደል የተጻፈው ግን አንድ ነው። አንድ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም፤ ሴትየዋ ሁለቱንም እየዋጡ ነበር። ካርቶኖቹን ይዞ ከእሳቸው ጋር ወደ ሐኪም ሄደ። «ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለምን ሁለት ስም እንደሚሰጠው ሳስብ ሰነበትኩ» አለኝ።

«በል አሁን የነገርከኝን ጻፈው» አልኩት። የጻፈው ግማሽ ገጽ ቢሞላ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ቀላል ነበሩ። እኔ ከጥቂት የፊደል ግድፈት በቀር ምንም አልነካሁበትም። እኔ ብጽፍለት ኖሮ ያ ደቃቃ ፊደል አይገባበትም ነበር፤ አላየሁትማ።

ልጆች ግን ይህን የመሰለ ነገር በእጃቸው እያለ የሰው ይዋሳሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ የሚሰበስበው ዩካስ ወደ 50,000 የሚጠጉ ጽሑፎችን መርምሮ ነበር። በ234ቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ታሪክ ተገኘ። ሁሉም የ8 ዓመት ልጅ ሳሉ በኬሚስትሪ ሙከራ ፒጃማቸውን አቃጥለው ቀዳዳ አበጅተውበታል። በ175ቱ ደግሞ የታመመ ወይም ያረጀ አያት አለ። ምንጩ ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ናሙና ነው። ይህን ስሰማ የተሰማኝ ንዴት ሳይሆን ሐዘን ነው። ከእነዚያ 234 ልጆች እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ነገር አላጣም ነበር። «ትናንት ምን ሠራህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ነው የታጣው።

ዛሬ ደግሞ ናሙና መፈለግም አያስፈልግም፤ ቻትቦቱ በአንድ ደቂቃ ይጽፍለታል። ታናሻችሁ ቢሞክረው አትጩኹበት። አብራችሁ አንብቡትና «ከዚህ ውስጥ አንተ ብቻ ልትለው የምትችለው የቱ ነው?» በሉት። ራሱ ያየዋል። ዩካስ ጽሑፉን ወይም አብዛኛውን ክፍል በማሽን አስጽፎ የራስ አድርጎ ማቅረብ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር እንደሚችል በግልጽ አስጠንቅቋል። ይህንንም ንገሩት፣ ግን ዋናው ምክንያታችሁ አይሁን። ለመሞከሪያ ጥያቄ እንዲያወጣለት ወይም የፊደል ስህተት እንዲለቅምለት ቢጠቀምበት ክፋት የለውም።

ምን ልጠይቀው ለምትሉ፣ ዩካስ ራሱ ጥሩ መንገድ አበጅቷል። በ2026 እ.ኤ.አ. ለሚጀምሩ ተማሪዎች አንዱን ረጅም ጽሑፍ በ3 ጥያቄ ከፍሎታል። ይህንን ትምህርት ለምን መረጥክ? እስካሁን የተማርከው እንዴት አዘጋጅቶሃል? ከትምህርት ቤት ውጭስ ለዚህ የሚያዘጋጅህ ምን ሠራህ፣ ምንስ ጠቀመህ? ሦስቱ ተደምረው 4,000 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ልጁ የሚያመለክተው ሌላ አገር ቢሆንም በእነዚህ ጀምሩ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ ግን ለየት ይላል። እዚያ የሚፈለገው ከ650 ቃል የማይበልጥ የግል ጽሑፍ ነው፤ ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው። ለአንዱ የተጻፈውን ገልብጦ ለሌላው መላክ አያዋጣም።

ጽሑፉን ስታዩ ቀይ ብዕር አታንሱ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ። ምላሱ የሚይዘው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የራሱ ያልሆነ ቃል አለ። እናንተ ደግሞ «እዚህ ጋ አልገባኝም»፣ «እዚህ ጋ ተጨማሪ መስማት እፈልጋለሁ» ብቻ በሉ። «እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፈው ነበር» የምትለዋን ዋጧት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ አሁንም እጄን ይበላኛል።

እስካሁን እጃችሁን ሰብስቡ ስላችሁ ቆየሁ። የማመልከቻው ፎርም ላይ ግን ተቃራኒውን ነው የምለምናችሁ። እዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት አብራችሁት ተቀመጡ። «ሊንኩን ልኬልሃለሁ፣ ሙላው» ብሎ መተው እገዛ አይደለም። ይህን የምለው ከስሜት ተነስቼ ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ግብር ለማሠራት ቢሮ የመጡ ቤተሰቦችን ለያዩ። ለአንዳንዶቹ ስለ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ መረጃ ብቻ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ግን የድጋፍ ማመልከቻውን እዚያው ተቀምጦ የሚሞላላቸው ሰው ተመደበ። መረጃ ብቻ ያገኙት ላይ ለውጥ አልታየም። ፎርሙ ከተሞላላቸው ወላጆች ልጆች መካከል ግን ለሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማሩት ከ28 በመቶ ወደ 36 በመቶ ከፍ አሉ። የአንድ ቀጠሮ እገዛ ነው ይህን ያመጣው። ልጆች ከመንገድ የሚቀሩት ስለሰነፉ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ቁጥር አስቡት።

ፎርም ላይ ስትቀመጡ ከሁሉ በፊት ስሙን ተመልከቱ። የእኛን ስም በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንዱን በሦስት መንገድ እንጽፈዋለን። አንድ ተማሪዬ ፓስፖርቱ ላይ ድርብ የሆነች ፊደል ትራንስክሪፕቱ ላይ ነጠላ ነበረች። በዚያች አንድ ፊደል ምክንያት የፈተና ውጤቱ ከማመልከቻው ጋር አልገናኝ ብሎ ሳምንታት አለፉ። ስለዚህ ፓስፖርት ካለው እሱን ዋና አድርጉ፤ ሌላው ሁሉ ፊደል በፊደል እሱን ይምሰል። ፓስፖርት ከሌለው አንድ አጻጻፍ ዛሬውኑ ይምረጥና አይቀይረው። ኢሜይሉም የራሱ ይሁን፣ የእናንተ አይደለም። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ይጻፈው።

ሰዓትንም አትናቁ። የዩካስ የጥር ወር ማብቂያ በብሪታኒያ ሰዓት 18:00 ላይ ነው፤ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚቆይ የሚመስለው ብዙ ነው። የማን ሰዓት እንደሆነ አጣሩና ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ሲላክ የሚመጣውን ማረጋገጫ ስክሪንሾት አንሱ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎቹ የአይኢልትስና የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ ገና ለገና ተብሎ ቀድሞ ተፈትኖ ገንዘቡን የሚያቃጥል ልጅ አይቻለሁ። የማመልከቻ ክፍያ የማይችል ከሆነ ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጥያቄ ይተዉለታል። መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ጥያቄውን ሲጽፍ አጠገቡ ሁኑ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለትን መምህር ቢያንስ ከወር በፊት ይጠይቅ። ከክፍሉ የሚያስታውሳቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች በግማሽ ገጽ ጽፎ ይስጠው። እኛ መምህራን ብዙ ልጅ ነው ያለን፤ እንረሳለን።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፤ ስለ ትምህርት ምርጫው። እናንተ ምህንድስና ወዳችሁ ከሆነ ታናሻችሁም የሚወደው ይመስላችኋል። ወይም እናንተ ያልደረሳችሁበትን ሕክምና በእሱ ልትደርሱበት ትመኛላችሁ። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነው፣ ስለዚህም ለመለየት ያስቸግራል። ልጁ ስለ ትምህርቱ ሲያወራ ፊቱን እዩ። ከዚያ የሚያመለክትባቸው ቦታዎች ዝርዝር ላይ ከባዱም፣ መካከለኛውም፣ እንደሚቀበለው ተስፋ ያለውም ይግባ። ተስፋ ያለው ተብሎ የሚጻፈው ቦታ ግን ቢደርሰው ከልቡ የሚሄድበት ይሁን። የማይሄድበት ከሆነ ቦታ መሙላት ነው።

መልሱ «አልተቀበልንህም» ሆኖ ሲመጣ ወዲያው «የተሻለ ይመጣል» አትበሉት። መጀመሪያ እንዲያዝን ተዉት። ያቺ ተማሪዬ በዓመቱ እንደገና አመልክታ ነበር። በዚያኛው ጊዜ የራሷን ጻፈች፤ የታናሽ እህቷን የሒሳብ ደብተር ስታርም አንድ ስህተት ለምን ደጋግሞ እንደሚመጣ የፈለገችበትን መንገድ። አጭር ነበር። አሳየችኝ፣ «አልገባኝም» ያልኩባቸውን ሁለት ቦታዎች አስተካክላ ላከችው። ተቀበሏት።

መልሱ «ተቀብለንሃል» ሲሆን ደግሞ ሥራችሁ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ እገባለሁ ብለው ከጨረሱ ተማሪዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚገመቱት ክረምቱ ሲያልፍ የትም ሳይመዘገቡ ይቀራሉ። ተመራማሪዎች የክረምት መቅለጥ ብለውታል። የሚያስቀራቸው የመኝታ ቤት ፎርም፣ የሕክምና ወረቀት፣ ያልተከፈተ ኢሜይል ነው። በዚያ ወቅት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መምህሩ የለም፣ ዩኒቨርሲቲውም ገና አያውቀውም። የሚያውቀው ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። የደስታው ጩኸት ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሉለትና ኢሜይሉን አብራችሁ ክፈቱት።