መጀመሪያ ሆዷን ይዩ፦ ስለ አሮጌ የእንጨት ሞተር ጀልባዎች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከአሜሪካ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ሚሺጋን ውስጥ በአልጎናክ ከተማ ሥራውን ስለጀመረው ክሪስ ክራፍት ስለተባለው ኩባንያ የማሆጋኒ (ቀላ ያለ ጠንካራ እንጨት) ጀልባዎች ነው።

«ሚኒያፖሊስ አቅራቢያ ጎተራ ውስጥ 15 ዓመት የቆመች፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ባለ 17 ጫማ ጀልባ አግኝቻለሁ። ከላይ ስትታይ ታምራለች፤ 3,500 ዶላር ይሉኛል። ከመግዛቴ በፊት ምን ልመልከት?»

ላይዋን ለጊዜው ይተዉት። ቫርኒሽ በትዕግሥት የሚመለስ ነገር ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ከውሃ በታች ያለው ክፍል ነው። የእጅ ባትሪ፣ ወስፌ፣ ካቻቪቴና ረጅም ክር ይዘው ይሂዱ።

ወስፌውን ጎኗና ሆዷ በሚገናኙበት ማዕዘን፣ የኋላ ግድግዳዋ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ኪሉ (ከአፍንጫ እስከ ጭራ የሚሄደው ዋናው አግዳሚ) ወደ አፍንጫዋ በሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይና ባትሪው ከሚቀመጥበት ሥር ይጫኑት። ጤነኛ እንጨት ጫፉን ብቻ ተቀብሎ ይገታዋል። የበሰበሰው እንደ ራሰ ዳቦ ያስገባዋል፤ ሲነቅሉትም ጥቁር ርጥብ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ጎተራ ውስጥ መቆሟ አያዘናጋዎት። እንጨት የሚያበሰብሰው ጣሪያው አፍስሶባት ከውስጧ ተኝቶ የከረመ የዝናብ ውሃ ነው።

ቀጥለው ባለቤቱን አስፈቅደው ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ብሎን ያስፈቱ። የብሎኑን ራስ የሸፈነችውን ክብ የእንጨት ውታፍ በቀጭን መሮ ማንሳት ያስፈልጋል። ብሎኑ ብራስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ከሆነና ቀለሙ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ዚንኩ ታጥቦ ወጥቷል ማለት ነው፤ አንዳንዱ በጣት ሲጠመዘዝ ይሰበራል። እንዲህ ከሆነ የሆዷ ብሎን በሙሉ በሲሊኮን ብሮንዝ (ውሃ በማይበላው የመዳብ ቅይጥ) መለወጥ አለበት።

በመጨረሻ ክሩን ከኪሉ ሥር ይወጥሩ። ለዓመታት ተጎታች ጋሪ ላይ ያለ በቂ ድጋፍ የቆመች ጀልባ ጫፎቿ ወርደው መሀሏ ይጎብጣል። ኪሉም ጎድኖቿም (ሳንቃዎቿ የሚታሰሩባቸው ደጋፊ እንጨቶች) አብረው ከለቀቁ፣ በነፃ ቢሰጡዎትም ውድ ናት።

«ሲያትል ነኝ። በጀልባዬ ሳንቃዎች መካከል ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት አለ። በኢፖክሲ (ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ) ልድፈነው ወይስ ሆዷን ፋይበርግላስ (በሙጫ የሚደርቅ የመስታወት ጭረት ጨርቅ) ላልብሳት?»

እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ። ዛቢያው የላላ መጥረቢያ ውሃ ውስጥ ሲያድር እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ ደረቅ ሳንቃም ውሃ ሲጠጣ ወደ ጎን ይሰፋል። ክፍተቱን ደርቆ በሚጠነክር ነገር ከሞሉት መስፊያ ያጣው ሳንቃ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ብሎን ይነቅላል፣ ጎድን ይሰብራል። ፋይበርግላሱም የሚንቀሳቀስ እንጨት ላይ ስለማይጸና ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ርጥበቱን አፍኖ ይይዝና መበስበሱን ያፋጥነዋል።

ብሎኖቹና ጎድኖቹ ጤነኛ ከሆኑ መፍትሔው ውሃ ነው። ጀልባዋን በሰፊ ቀበቶ እንዳንጠለጠሏት ውሃ ላይ ያውርዷት፤ አውቶማቲክ ፓምፕ ከነትርፉ ያስገቡና ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይጠብቁ። የመጀመሪያው ቀን ያስደነግጣል። በሦስተኛው ቀን ፓምፑ አሁንም ፋታ ካጣ ችግሩ ድርቀት ብቻ አይደለም።

ያን ጊዜ ሆዷ እንደ አዲስ ይሠራል። ብዙዎቹ ጀልባዎች ሆዳቸው ድርብ ነው፦ የውስጥ ንጣፍ፣ መሀል ላይ ማጣበቂያ የተነከረ ሸራ፣ ከዚያ የውጭ ሳንቃ። ሸራው ሲያረጅ ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ሁለቱንም ያበሰብሳል። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ ሸራውን ትቶ ስሪ ኤም 5200 የተባለውን፣ ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ የሚለመጥ ማጣበቂያ ይጠቀማል። ጀልባዋ ቅርጿ እንዳይዛባ ከውስጥ በአግዳሚ ትወጠርና ትገለበጣለች፤ ሳንቃው ይነሳል፤ የተጎዳው ጎድን አንድ በአንድ ይለወጣል (ሁሉንም በአንዴ ካነሱ ቅርጿ ይጠፋል)፤ ባዶው እንጨት ሰርጎ የሚገባ ኢፖክሲ ይጠጣል፤ ከዚያ ንጣፉና ሳንቃው በ5200 ተጣብቀው በብሮንዝ ብሎን ይታሰራሉ። ሳምንት ያህል ሳይነኩ ይተዉት። እንዲህ የተሠራች ጀልባ ውሃ ጠጥታ እስክትሰፋ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

«ለጎድን የገዛሁት የኦክ እንጨት ነጭ ይሁን ቀይ በምን ልወቅ?»

ጣት የሚያህል ቁራጭ በርዝመቱ ይቁረጡ፤ አንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው በሌላው ጫፍ ይንፉ። አረፋ ከወጣ ቀይ ኦክ ነው። ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑ ውሃ ይመጥና ቶሎ ይበሰብሳል፤ ይመልሱት።

«ሞተሩ 10 ዓመት አልተነሳም። ባትሪ አስሬ ልሞክረው?»

አይሞክሩት። መጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን ያውጡ፤ ካንዴላዎቹን ፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ያድርጉና ሁለት ሦስት ቀን ካቆዩ በኋላ በእጅ ያዙሩት። የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሚኒሶታን በመሰለ ክረምቱ በረዶ በሆነ አገር ሳይራገፍ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ብሎኩን መሰንጠቁ የተለመደ ነው። የዚያ ዘመን ሞተር አብዛኛው 6 ቮልት ነው፤ የመኪናዎን የ12 ቮልት ባትሪ አይሰኩበት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የነዳጅ ቱቦዎቹን በሙሉ ኤታኖል (ቤንዚን ውስጥ የሚደባለቅ አልኮል) በሚቋቋም የጀልባ ቱቦ ይለውጡ። የመኪና ካርቡሬተር፣ የመኪና ሞተሪኖ ወይም የመኪና ዲናሞ አይግጠሙ፤ የጀልባው ዓይነት ብልጭታና ትነት ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ከማስነሳትዎ በፊት የትነት ማውጫ ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ ያስኪዱ፤ ከዚያም ክዳኑን ከፍተው በአፍንጫዎ ያረጋግጡ።

«ቫርኒሽ ስንት እጅ ይቀባል?»

ከስምንት እስከ አሥር። ከዚያ በፊት ግን ጥቁር የውሃ ምልክቶቹን በኦክሳሊክ አሲድ ያንሱ፤ በደንብ ያጥቡና ያድርቁ። ቀዳዳ የሚሞላውን የማሆጋኒ ቀለም ቀብተው ሲደበዝዝ በጆንያ ጨርቅ ከእንጨቱ መስመር ጋር አቋርጠው ይሹት፤ በመስመሩ ከሄዱ ከቀዳዳው ጠርገው ያወጡታል። አንድ ሁለት ቀን ካደረቁ በኋላ የመጀመሪያውን እጅ ቫርኒሽ በእኩል ቀጭኝ አቅጥነው ይቀቡ። በየመሀሉ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። ወደ ማታ አይቀቡ፤ ጤዛ ሲያርፍበት ይደበዝዛል።

«የመጀመሪያ ቀለሟና ሞተሯ ምን እንደነበር ማወቅ ይቻላል?»

ይቻላል። ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ የሚገኘው የመርከበኞች ሙዚየም የክሪስ ክራፍትን መዛግብት ይዟል። የጀልባዋ ቁጥር ካለዎት የፋብሪካ ካርዷን ቅጂ ይጠይቋቸው። ቁጥሩን ከሞተሩ አጠገብ ያሉ እንጨቶች ላይ ተመትቶ ይፈልጉት፤ ቀለም መላጥ ከመጀመርዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፤ ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ያጠፋዋል። ያ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት፤ ጭምብል ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ።