«እናንተ ያላችሁት ይሁን» ያለችው ልጅ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳ ነበር፤ ስኳሩ ከጠናበት ወዲህ ብዙም አይሠራም። ትልቋ ልጃችን 18 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ሀይስኩል ትጨርሳለች። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሏት። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። አዮዋ ውስጥ ግሪኔል የሚባል ትንሽ ኮሌጅም ተቀብሏት ትልቅ ስኮላርሺፕ ሰጥቷታል። ሒሳቡ ከስቴቱ እንኳ ይቀንሳል። ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ተማሪዎቹ ሁለት ሺህ አይሞሉም። ሊበራል አርትስ ነው ይላሉ፤ ተምራ ምን ልትሆን ነው? አባቷ «ልጄን በቆሎ ማሳ መሀል አልጥልም» ይላል። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አስቸግራን አታውቅም። ደብዳቤ የምታነብልን እሷ ናት። የአባቷን ቀጠሮ ትይዛለች፤ አብራው ገብታ ታስተረጉማለች። ስኳሩ ኩላሊቱን መንካት እንደጀመረ የነገረችንም እሷ ናት፤ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ስንጠይቃት «እናንተ ያላችሁት ይሁን» አለች። እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብን። የትኛው ይሻላታል?
እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። ሌሊት እየሠሩ ልጅን እዚህ ማድረስ ቀላል አይደለም።

ስለ ኮሌጁ የጠየቁኝን ቶሎ ልመልስ፤ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ስለሆነ። ግሪኔል በእኛ ሰው መሀል ስሙ ባይነሳም በ1846 የተመሠረተ፣ የተከበረ ኮሌጅ ነው። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ ሮበርት ኖይስ እዚያ ነው የተማረው። በ1989 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ቶማስ ቼክም የዚያው ምሩቅ ነው። ሊበራል አርትስ ሲባል ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ባዮሎጂም፣ ኬሚስትሪም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም፣ ኢኮኖሚክስም አለ። ሐኪም መሆን ብትፈልግ ከሁለቱም ቦታ ተመርቃ ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከት ትችላለች። ልቧ ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ ላይ ከሆነ ግን ግሪኔል ውስጥ አታገኘውም፤ ይህን ካሁኑ ይጠይቋት። ስኮላርሺፑም ቢሆን በየዓመቱ ምን ሲሟላ እንደሚታደስ በጽሑፍ ይወቁት። የገንዘብ ድጋፉ ቅጽ በየዓመቱ የሚሞላ ነው።

ያንን ቅጽ ዘንድሮ የሞላው ማን ነው? የእናንተን የታክስ ወረቀት ፊቷ ዘርግታ፣ ሌሊት ቁጭ ብላ የሞላችው እሷ እንደሆነች እገምታለሁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ኮሌጁ ስም ጽፈዋል፤ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ሒሳቡ፣ ስለ አባቷ ቃል ጽፈዋል። ልጅዎ ምን እንደምትወድ ግን የለበትም። የትኛው ትምህርት ነው ሰዓቱን የሚያስረሳት? ከማን ጋር ትስቃለች? ምን ያስፈራታል? ስለ እሷ የነገሩኝ በሙሉ ለቤቱ የምታደርገውን ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። በኩራት እንደጻፉት ገብቶኛል፤ የሚያኮራም ነው።

ግን ያቺን የሐኪም ቤት ቀን ትንሽ ያስቧት። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ የሚለውን ከባለቤትዎ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። ከእርስዎም ቀድማለች። የ14 ዓመት ልጅ አባቷ ኩላሊቱ እየተጎዳ መሆኑን ስትሰማ ትደነግጣለች። እሷ ለመደንገጥ ጊዜ አላገኘችም። ሁለቱ ሰዎች እየጠበቋት ነበር። በአማርኛ ምን ብላ እንደምታለሳልሰው ማሰብ ነበረባት። ምናልባት ለአባቷ ግማሹን ቀንሳ ነግራው ይሆናል። የቀረውን ግማሽ የት እንዳስቀመጠችው የጠየቃት ሰው ይኖር ይሆን?

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ብዙ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች እንዲህ ያድጋሉ። የወላጅ ክፋት አይደለም፤ ኑሮው ነው ያመጣው። በእኛ በቤተሰብ አማካሪዎች የሙያ ዘርፍ ብዙ የተጠና ነገርም ነው። ሥራው ለዕድሜው የሚመጥን ሲሆንና ቤተሰብ ሲያመሰግነው ልጁን ያጠነክረዋል፤ ቋንቋውን፣ በራስ መተማመኑን፣ ለሰው ማሰቡን ያሳድግለታል። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ልጁ የቤቱ ምሰሶ እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። እኔ ከሌለሁ ይፈርሳል ይላል። ከዚያ ወዲያ የራሱን ፍላጎት መናገር ይተዋል። ቆይቶም ፍላጎቱን ራሱም አያውቀውም። በምክር ክፍሌ የማያቸው እንዲህ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ «አስቸግረው የማያውቁ» ናቸው።

ስለዚህ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» የሚለውን ስሰማ ጨዋነቷ ብቻ አይታየኝም። ሒሳብ የሠራች ልጅ ትታየኛለች። አባቴን ማን ይወስደዋል? ደብዳቤውን ማን ያነበዋል? ትንሹን ማን ያስጠናዋል? እማዬ ሌሊት ስትወጣ ቤቱ ማን ላይ ይቀራል? ይህን ሁሉ ደምራ ሲያበቃ ለራሷ የተረፈ መልስ አላገኘችም። ሆኖም 1,000 ማይል ገደማ ርቆ ወዳለ ኮሌጅ ማመልከቻ ልካለች። ድርሰቶቹን ጽፋለች፣ አስተማሪዎቿን የድጋፍ ደብዳቤ አስጽፋለች። ልሳሳት እችላለሁ፤ አንድ አስተማሪ ገፋፍቷትም ይሆናል። ለእኔ ግን ይህች ልጅ መሄድ እንደምትፈልግ በሥራ ተናግራለች። በአፏ ማውጣቱ ነው የከበዳት።

እዚህ ላይ፣ እህቴ፣ ከእናንተ ሳይሆን ከልጅዎ ጎን መቆሜ ነው። የጠየቁኝ የትኛው እንደሚሻላት ነው። በደብዳቤው ውስጥ ግን እሷ ከሄደች እኛ እንዴት እንሆናለን የሚል ፍርሃት አለ። የሚያሳፍር ፍርሃት አይደለም። አገር ለቆ መጥቶ፣ በማያውቁት ቋንቋ ሕመም የሚያስታምም ሰው ቢፈራ ይፈረድበታል? ነገር ግን መፍትሔውን የሚፈልጉት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ። እሷን ቤት በማስቀረት አይፈታም።

የኮሌጁ መጠን ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እርዳታ መጠየቅ የማታውቅ ልጅ ወዴት ብትሄድ ይሻላል? ኮሌጅ ፓርክ ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አለው። ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብዙ የሐበሻ ልጆች ተምረው ወጥተውበታል። ግን እጁን የማያወጣ ተማሪ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሳይታይ ሊከርም ይችላል። ግሪኔል ውስጥ እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ቱቶሪያል የሚባል በጣም ትንሽ ክፍል ይገባል። እሱን የሚያስተምረው ፕሮፌሰር ተማሪው ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፉን፣ እስኪመርጥ ድረስ አማካሪው ይሆናል። ፊቷ ሲጠቁር የሚያይ ሰው አላት ማለት ነው። ለዚህች ልጅ ይህ ከስም ይበልጥ ይመስለኛል።

ከቱቶሪያሉ በቀር ሁሉም ተማሪ የሚገደድበት ኮርስ እዚያ የለም። ምን እንደምትማር በየሴሚስተሩ ከአማካሪዋ ጋር ቁጭ ብላ ትመርጣለች። ምን ትፈልጊያለሽ ተብላ ተጠይቃ ለማታውቅ ልጅ ይህ እጅግ ሊከብዳት ይችላል። እጅግ ሊጠቅማትም ይችላል። የትኛው እንደሚሆን ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም።

ትንሽ ቦታ የራሱ ብቸኝነት እንዳለውም አልደብቅዎትም። ከተማው ትንሽ ነው፤ የአዮዋ ክረምትም ብርቱ ነው። እንጀራና ዘመድ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ደጅ ላይ የለም። ስለዚህ ሳታየው ባትወስን ጥሩ ነው። ችግረኛ ተማሪ ሊጎበኝ ሲመጣ የጉዞውን ወጪ የሚሸፍኑ ኮሌጆች አሉ። ደውለው ይጠይቁ። እባክዎ ስልኩን እርስዎ ይደውሉ፤ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ይሰማሉ።

ከጉብኝቱም በፊት ግን አንድ ነገር ቢሞክሩ እመርጣለሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለታካሚው አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በስልክም በቪዲዮም ሊያገናኙ ይችላሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትዎ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበል። ልጅዎ ቤት ትቅር። የወንድሞቿ ትምህርት ቤት ስብሰባም እንዲሁ ይሁን። የመጀመሪያው ጊዜ ያዳልጣል፤ አንዳንድ ነገር ይቀራል። ያለ እሷ መሆን እንደሚቻል በዓይኗ ካላየች ግን በቃል ብቻ ብትነግሯት ማመኗን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ብቻዎን ሆነው ያናግሯት፤ መኪና ውስጥ ቢሆን ይቀላታል። ቤቱን እኛ እንይዘዋለን ይበሏት። ስለ ሐኪም ቤቱም ያመስግኗት። ከዚያ ምን እንደምትፈልግ ይጠይቋትና ዝም ይበሉ። በመጀመሪያው ቀን ላትመልስ ትችላለች፤ አይቸኩሉባት። ተረጋግታ ኮሌጅ ፓርክን ከመረጠች ደስ ይበላችሁ። አቅም ከፈቀደ ዶርም ብትገባ መልካም ነው፤ ቀጠሮና ደብዳቤው ግን ወደ እሷ አይመለስ።

ባለቤትዎ «አልጥልም» ማለታቸው ቁጣ ብቻ አይመስለኝም። በሕመማቸው አጠገባቸው የቆመችውን ልጅ ነው የሚሸኙት። እሳቸውም የልባቸውን የሚያወጡለት ሰው ያስፈልጋቸዋል። ከተቻለ ሦስታችሁ አንድ ላይ የቤተሰብ አማካሪ ዘንድ ብትቀርቡ እመክራለሁ፤ በአካባቢያችሁ አማርኛ የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከቀነሰች ወይም ለብቻዋ ማልቀስ ካበዛች የኮሌጁን ነገር ተዉትና አስቀድማችሁ ለእሷ ባለሙያ ፈልጉ። ሜይ 1 ካጠረባችሁም ጥቂት ቀን እንዲጨምሩላችሁ ኮሌጆቹን ጠይቁ። ሁሉም ላይፈቅዱ ይችላሉ፤ መጠየቁ ግን ክፋት የለውም።