«ፊርማው አለ፣ ሰው የለም» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ዛሬ ነው ጊዜ ያገኘሁት፤ ስለሚረዝም ይቅርታ። ያልሽው ይሄ ነው፦ በወረዳ ደረጃ የአንድ ጽ/ቤት ኃላፊ ከሆንሽ 3 ወርሽ ነው፣ 30 ገደማ ሠራተኛ አለሽ፣ ጠዋት አቴንዳንሱ በፊርማ ሞልቶ ይገኛል፣ 4 ሰዓት ላይ ስትዞሪ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የጣት አሻራ ማሽን ልግዛ ወይስ መቅጣት ልጀምር ብለሻል።

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በሰው ሀብት ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ማሽኑን አሁን አትግዢ፣ ቅጣቱንም ነገ አትጀምሪ። መጀመሪያ ባለጉዳይሽ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ ቁጠሪ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ወር በገባ በ12፣ የሚካኤል ዕለት፣ አንዲት እናት ከጮቄ ግርጌ ካለ ቀበሌ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተው በእግራቸው መጡ። ባላቸው ሞተውባቸው የመሬት ደብተሩን ወደ ራሳቸው ስም ለማዞር ነው። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። ቢሮ ሲከፈት በር ላይ ነበሩ። የባለሙያው ኮት ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ መዝገቡ ላይ ፊርማው አለ፣ እሱ የለም። 6 ሰዓት ላይ ሳያቸው አሉ። 9 ሰዓት ላይም አሉ፣ ቋጠሮውን እንኳ አልፈቱትም። «ልጄ፣ ባለ ኮቱ ይመጣ ይሆን? መንገዱ ሳይመሽብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። ስልኩን ብደውል ብደውል ዝግ ነው። ነገ ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸው። ነገ ማለት ለእሳቸው እንደገና ሌሊት መነሣት እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያልኳቸው፣ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ አንድ ተራ ደብተር ያዝኩ። በየቀኑ ስንት ባለጉዳይ እንደገባ፣ 4 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ስንት ወንበር ባዶ እንደሆነ፣ ለሁለት ወር ጻፍኩ። ያየሁት አስደነገጠኝ። ባለጉዳይ የሚበዛው በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ29 በበዓለ ወልድ ነው። ገበሬው በበዓል ቀን ሞፈር አያነሣም፣ እህል አያጭድም፤ ጉዳይ ያለው ሰው ከተማ የሚወርደው ያን ቀን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የገበያ ቀን። የእኛ ሰው በብዛት የሚጎድለው ደግሞ በዚያው በበዓሉ ቀን ነው፤ አንዱ ንግሥ ሄዷል፣ አንዱ ማኅበር አለበት፣ አንዱ ጠበል ጸዲቅ ተጠርቷል። በዐቢይ ጾም ይብሳል፣ ቅዳሴው ቀን ስለሆነ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚመለስ የለም። ሥራችን በሳምንት 39 ሰዓት ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስምንት ስምንት፣ ዓርብ ሰባት። ግን 39ኙም ሰዓት እኩል አይደለም። ማንም በማይመጣበት ማክሰኞ ከሰዓት ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ በሚካኤል ቀን ባዶ ከሆነ አቴንዳንሱ ቆንጆ ነው፣ ሕዝቡ ግን አልተገለገለም።

ስለዚህ ያደረግነው ተራ ማውጣት ነው። ማንንም ቤተ ክርስቲያን አትሂድ አላልንም፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አገር ላይ ብትሞክሪው ከማንም ጋር ትጣያለሽ፣ ልክም አይደለም። በየበዓሉ ከእያንዳንዱ ቡድን ማን እንደሚቀር ወር ሲገባ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የዛሬ ተረኛ በሚቀጥለው በዓል ነፃ ነው። ለቅሶም እንደዚያው። ድሮ የአንድ ሰው ዘመድ ሲሞት ቢሮው ተዘግቶ በሙሉ ቀብር ይወጣ ነበር። አሁን ግማሹ ቀብር ይሄዳል፣ ግማሹ ከ11:30 በኋላ ለቅሶ ይደርሳል። መጀመሪያ ትልልቆቹ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሁሉም ላይ እኩል ሲሠራ ግን ተዉት።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ። መዝገቡ የት ነው ያለው? ጸሐፊዋ ጋ ወይም ጥበቃው ጋ ከሆነ አንዱ ለሦስት ይፈርማል፣ ምንም ጥርጥር የለውም። ራስሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። 2:30 ላይ አንቺ ተቀምጠሽ ጠብቂ፣ 2:45 ላይ በቀይ እስክብሪቶ አስምረሽ ዝጊው። ይሄን ማድረግ የምትችይው አንቺ ቀድመሽ ከገባሽ ብቻ ነው። እኔ ያየሁት አንድ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ስለ ሰዓት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሮ በማግስቱ 4 ሰዓት ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ማስታወቂያ ሁሉ ወረቀት ብቻ ሆነ።

ማሽኑም ቢሆን ያው ነው። አሻራውን ጫን አድርጎ ካፌ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም «ማሽኑ አልሠራም» ይላል፣ አንቺም ማስረጃ የለሽም። ማሽን መግባትና መውጣትን ነው የሚያውቀው። መሐል ላይ ያለውን ሰዓት ሰው ነው የሚያየው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ሰዓቱን እየቀያየርሽ፣ ከቡድን መሪዎቹ አንዱን ይዘሽ ቢሮ ለቢሮ ዙሪና የሌለውን ጻፊ። ሁለታችሁም ፈርሙበት።

መፈረሙ ለምን እንደሚጠቅም ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት 9 ቀን ቀርቷል ብሎ አንድ ሠራተኛ አሰናበተ። ሰውየው ይግባኝ አለ። መዝገቡ ሲቀርብ ከ9ኙ ቀን በ6ቱ ፊርማው አለ! ጓደኛው ነው የፈረመለት፣ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ማን ይመሰክራል? ከዚያ በፊት የተሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ከማህደሩ ጠፋ። ሰውየው ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ያልሠራበት ደመወዝም ተከፈለው። የውሸት መዝገብ ካለሽ በኋላ ላይ አንቺ ላይ ነው የሚመሰክረው።

ቅጣቱን በቅደም ተከተል ሂጂበት። እኛ እንሠራ የነበረው ቀላሉ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና እስከ አንድ ወር ደመወዝ፣ ከባዱ ደግሞ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግና ስንብት ተብሎ ነው። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010ም እንደዚሁ ነበር የሚከፍለው። ሰዓት አለማክበር ወደ ከባዱ የሚሄደው በቀላሉ ተቀጥቶ ካልታረመ ነው። ሕጉ ስለሚሻሻል በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ ከሲቪል ሰርቪስ ጽ/ቤታችሁ ወስደሽ ራስሽ አንብቢው። የቃል ማስጠንቀቂያ ስትሰጪም ቀኑን ጻፊ። ክስ ሲመጣ ደግሞ ለተከሳሹ በጽሑፍ ይድረሰውና መልሱን ይስጥ፣ ጥፋቱ በዓይንሽ ያየሽው ቢሆን እንኳ።

ግን ከዚያ በፊት ሰውየውን ለብቻ ጥሪና ጠይቂው። ይሄን አደራ እልሻለሁ። አንዷ ልጅ በየቀኑ 3 ሰዓት ትገባ ነበር። ስትጠየቅ ቤቷ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሚኒባሱ ደግሞ ካልሞላ አይነሣም። ሌላዋ የምታጠባ እናት ነበረች። አንዱ ደመወዙ ወር ስለማያደርሰው ከሰዓት ሱቅ ይቀመጣል። ይሄኛው ችግሩ እውነት ቢሆንም በመንግሥት ሰዓት መሆን የለበትም፣ ቁርጡን ነገርነው፣ ሚስቱ ሱቁን ያዘች። መንገድ ተዘግቶ የቀረውንም ከሰነፉ ጋር አትደምሪው። አውቆ የሚቀረው ሁለት ሦስት ሰው ቢሆን ነው፣ እነሱን ስትይዢ ሌላው ራሱ ይስተካከላል። የባለሥልጣን ዘመድ ካለባቸው ደግሞ በእሱ ጀምሪ፤ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው።

በይ አሁን ደብተሩን ግዢና ከዚህ ወር 12 ጀምረሽ ቁጠሪ። 4 ሰዓት ላይ ስንት ባለጉዳይ፣ ስንት ባዶ ወንበር። 29 ሲያልፍ ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልን፣ የተራውን አወጣጥ አብረን እናያለን።