«ማስታወቂያችሁ ባዶ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ስናወጣ በፒዲኤፍ አድርገን በቴሌግራም እንለቃለን። ባለፈው ሳምንት አንድ ዓይነ ስውር አመልካች ደውሎ «ማስታወቂያችሁ ስልኬ ላይ ባዶ ነው» አለኝ። እኔ ስከፍተው ጥርት ብሎ ይታያል። ደግሜ ላክሁለት፤ አሁንም ባዶ ነው አለ። ጥፋቱ የእኛ ነው ወይስ የስልኩ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ አመልካቹ እውነቱን ነው፤ ስልኩም ደህና ነው። እኔም ዓይነ ስውር ነኝና ያንን ባዶ ወረቀት ለዓመታት አውቀዋለሁ።

ማስታወቂያውን በዎርድ ጽፋችሁ ታትማላችሁ፤ ኃላፊው ይፈርሙበታል፤ መዝገብ ቤት ማህተም ያሳርፍበታል፤ ከዚያ ስካን ተደርጎ ይለቀቃል። ተሳስቼ አይመስለኝም። ዎርድ ላይ ጽሑፍ የነበረው ነገር በስካነሩ በኩል የተመለሰው ፎቶግራፍ ሆኖ ነው። ለእርስዎ ዓይን ፊደል ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን አንድም ፊደል የለም። እኛ የምንጠቀምበት ስክሪን ሪደር፣ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ፣ ፊደል ሲያገኝ ወደ ድምፅ ይለውጣል። ካላገኘ ዝም ይላል። ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ከፍተው አንድ ቃል በማውዝ ለመምረጥ ይሞክሩ፤ ቃሉ አልመረጥ ካለ ሥዕል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥልጠና የተጠራሁበት ደብዳቤ እንዲሁ ስካን ሆኖ መጣልኝ። ሥዕልን ወደ ጽሑፍ በሚለውጥ ፕሮግራም አሳለፍኩት። ስሜን አወጣው፣ ቦታውንም አወጣው፤ የምዝገባው ቀን ላይ ሲደርስ ግን ትርጉም የሌለው ምልክት ደረደረ። የጎረቤቴን ልጅ ጠርቼ ስልኩን ሰጠኋት። «ጋሼ፣ ማህተሙ ቀኑ ላይ ነው ያረፈው» አለችኝ፤ አስፍታ አይታ አነበበችልኝ። ምዝገባው ከትናንት ወዲያ አልቆ ነበር። የሕክምና ውጤቴንም ያነበበችልኝ እርሷ ናት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። መሃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ያንን ዝቅታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማህተሙን ተዉት አልልም፤ ያለ ማህተም ሥራ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ሁለቱን አብራችሁ ልቀቁ፤ ማህተም ያለበትን ስካን እና ከዎርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረውን። ሲቀይሩ «ሴቭ አዝ» ብለው ፒዲኤፍን ይምረጡ። በ«ፕሪንት» በኩል ከሄዱ ርዕሱን ከርዕስ፣ ሠንጠረዡን ከሠንጠረዥ የሚያሰኘው ውስጣዊ ምልክት ይጠፋል።

ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይዩ። የጽሕፈት ቤታችሁ ኮምፒውተር እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ የድሮ ፕሮግራም የሚጽፍ ከሆነ ዎርዱም አያድነንም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፕሮግራሞች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርፅ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት። ዓይን «ማስታወቂያ» ያነባል፤ ስክሪን ሪደሩ ግን ከሥር ያለውን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይጮኽብናል። ጽሑፉን መርጠው የፊደል ዓይነቱን ወደ ኤሪያል ይቀይሩት። አማርኛው ወደ ባዕድ ፊደል ከተለወጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ይጻፉ።

ከሁሉ የሚያደክመን ሠንጠረዡ ነው። ተራ ቁጥር፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ብዛት፣ የሥራ ልምድ። እናንተ ቀና ብላችሁ የዓምዱን ስም ታያላችሁ። እኔ የምሰማው «ስድስት» የሚል ድምፅ ነው። ስድስት ምን? ደረጃ ነው? የሚፈለገው ሰው ነው? የዓመት ልምድ ነው? ዎርድ ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ መርጠው «ሪፒት ሄደር ሮውስ» የሚለውን ቢጫኑ ረድፉ የዓምዶች ርዕስ መሆኑ ይመዘገባል፤ ስክሪን ሪደሩም «ብዛት፣ ስድስት» ማለት ይችላል። ደግሞ ሦስት መደቦች አንድ ዓይነት ዲግሪ ሲጠይቁ ሣጥኖቹን አዋህዳችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ትጽፋላችሁ። ለዓይን ያምራል። ጆሮ ግን ዲግሪውን የሚያገኘው በመጀመሪያው መደብ ላይ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምንም የማይጠይቁ ይመስላሉ። አታዋህዱ፤ ሦስት ጊዜ ጻፉት።

ርዕሶቹን በማድመቅ ብቻ አይተዉአቸው፤ ኮንትሮል፣ አልት እና 1 አንድ ላይ ቢጫኑ ዎርድ እውነተኛ ርዕስ ያደርጋቸዋል፤ እኛም ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለልን እንሄዳለን። አራት ነጥብንም በሁለት ኮለን አይተኩት፤ ለማሽኑ ሌላ ምልክት ነው።

ኃላፊዎ «ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው?» ካሉ፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ያሳዩአቸው። ያልተነበበ ማስታወቂያ ላይ ማንም ሊወዳደር አይችልም።

አሁን ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ ለደወለልዎ አመልካች ዎርዱን ይላኩለት። ከዚያ መልሰው ይደውሉለትና ከሠንጠረዡ አንድ ረድፍ እንዲነግርዎት ይጠይቁት። የማመልከቻው ጊዜ ባዶውን ወረቀት ይዞ ሲጠብቅ አልፎበት ከሆነ ቀን እንዲጨመርለት ለኃላፊው ያመልክቱለት።