ቢሉ በሟች ስም ሲቀር፦ የእድር አባላት ጥያቄዎችና መልሶች

እድራችን ድንኳንና ወንበር ያቀርባል፣ ለቀብር ይከፍላል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ከአርባው በኋላ ግን ቤተሰቡ ከወረቀቶቹ ጋር ብቻውን ይቀራል። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱ የመብራት ቢል ነው። በመብራት ኃይል የደንበኞች ክፍል ረጅም ዘመን ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ በመሆኔ፣ ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አባላት ላነሷቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸውን መልሶች በጽሑፍ እንዳቀርብ የእድሩ ሊቀመንበር ጠይቀውኛል። ከፒያሳ፣ ከደጃች ውቤ፣ ከአራት ኪሎና ከአዋሬ የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቢሉ በስማቸው ነው። መሞታቸው ከተሰማ መብራቱ ይቆረጣል ብለው ያስፈራሩን ሰዎች አሉ። ዝም ብለን እንክፈል ወይስ እናሳውቅ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። መብራት የሚቆረጠው ሒሳብ ሳይከፈል ሲቀር ነው እንጂ ደንበኛው ስለሞተ አይደለም። ስለዚህ ክፍያውን ለአንድ ወርም አታቋርጡ። በቢሉ ላይ ባለው ቁጥር በቴሌብርም ሆነ በባንክ ማንም ሰው መክፈል ይችላል። ደረሰኙን ግን አስቀምጡ፤ ማን ከኪሱ እንደከፈለ የሚታወቀው በኋላ በደረሰኝ ነው።

ከመክፈልም በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። ዛሬውኑ ወደ ቆጣሪው ሂዱና ንባቡን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የቆጣሪው ቁጥርም አብሮ እንዲታይ አድርጉ። ጥቅሙን በምሳሌ ላስረዳ። የመጨረሻው ቢል ንባብ 18,297 ቢሆንና ሟች ባረፉበት ዕለት ቆጣሪው 18,462 ቢያሳይ፣ 165ቱ ኪሎ ዋት ሰዓት እርሳቸው በሕይወት ሳሉ የተበላ ነው። ወሩ ሲዘጋ ንባቡ 18,540 ላይ ቢደርስ፣ ቀሪው 78 ከሞታቸው በኋላ የመጣ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የበራው አምፖል፣ ለለቀስተኛው የተጋገረው እንጀራ በዚህ ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ስለሚስብ፣ በእርሱ ላይ ሁለት ሰዓት መጋገር ብቻውን ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የመጀመሪያው ክፍል የሟች ዕዳ ሲሆን ሁለተኛው የቤቱ ነዋሪዎች ወጪ ነው። ወንድማማቾች ከስድስት ወር በኋላ «ማን ምን ከፈለ» ብለው ሲቀመጡ ይህች ፎቶ ከብዙ ሽማግሌ ትሻላለች።

ጥያቄ፦ ስሙን ለማዛወር ምን ምን ያስፈልጋል? ከየት ነው የሚጀመረው?

መልስ፦ ከወረዳ ነው የሚጀመረው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ያዝዛል። ብዙ ሰው አርባው ሲወጣ ወረዳ ስለሚሄድ ቀኑ ያልፍበታል፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ ወይም ከእድሩ አንድ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይህን እንዲያስፈጽም ይመደብ ብዬ ባለፈው ዓመትም ተናግሬ ነበር። የሞት የምስክር ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ በእኛ ከተማ ይህን የሚያየው የአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ የቤቱን ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የወራሹን መታወቂያ፣ የመጨረሻውን ቢልና የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ቆጣሪው ወደሚተዳደርበት የአገልግሎት መስጫ ማዕከል በማመልከቻ መቅረብ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በ905 ደውላችሁ ለእናንተ ጉዳይ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ጠይቁ፤ አንድ ወረቀት ጎድሎ ሰልፍ ሁለት ጊዜ ከመያዝ ያድናል።

ማመልከቻውን ለ«መብራት ኃይል» ብላችሁ አትጻፉት። አፋችን ለምዶት እንጠራዋለን እንጂ፣ መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ቢል የሚሰበስበውና ውል የሚዋዋለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በሟች ሣጥን ውስጥ «የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» የሚል የቆየ ውል ብታገኙ ግን አትጣሉት፤ መስመሩ መቼና በማን ስም እንደገባ የሚያሳይ ሰነድ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በቢሉ ላይ ያለው ስምና በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አይመሳሰልም። ይህ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ በራሴ ቤት ደርሷል። የእናቴ ቆጣሪ በአያቴ ስም ነበር፤ ቢሉ ላይ «ወ/ሚካኤል» ተብሎ ባጭሩ ተጽፏል፣ ካርታው ላይ «ወልደ ሚካኤል» በሁለት ቃል፣ የፍርድ ቤቱ ማስረጃ ላይ ደግሞ «ወልደሚካኤል» ተገጣጥሞ። ሦስት ጊዜ ከመስኮት ተመለስኩ። ሠራተኛው ያደረገው ነገር ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ እኔም በእርሱ ወንበር ተቀምጬ ሰው የመለስኩበት ጊዜ አለ። በሰልፉ ማዶ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ሀ እና ኃ፣ ሰ እና ሠ የተቀያየሩበት ስምም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ቀድሞ ማሰብ ነው፤ የወራሽነት ማመልከቻው ሲጻፍ ሟች በየሰነዱ የተጠሩባቸው ስሞች ሁሉ «በዚህም ስም የሚታወቁት» ተብለው ይግቡ። ማስረጃው ከወጣ በኋላ ከሆነ የተነቃው፣ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከወረዳው መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድማችን ከእኛ ከሦስቱ ሳይማከር ቆጣሪውን በራሱ ስም ሊያዞር ነው። ቤቱን ሊወስድብን ነው ብለን ሰግተናል።

መልስ፦ ሥጋታችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን የቆጣሪ ስም የቤት ባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። የኤሌክትሪክ ውል ኃይል ሊቀርብለትና ዋጋውን ሊከፍል የተስማማ ሰው የሚፈርመው ውል ነው፤ ተከራይም ሊፈርመው ይችላል። የወራሽነት ማስረጃውም ቢሆን ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ ክፍሎቹን አይከፋፍልም። ቤቱ እስኪከፋፈል የጋራ ሆኖ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ወንድማችሁ ሳይነግራችሁ ማድረጉን አልደግፍም። ደግሞም ስሙ የገባበት ሰው ለውዝፉም ተጠያቂ እርሱ ስለሚሆን፣ ተቀብሎ የማይከፍል ወንድም ሌሎቹን ጨለማ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። በቤቱ የሚኖረው እርሱ ከሆነ በእርሱ ስም መሆኑ ለሥራም ይቀላል፤ አራታችሁ ተቀምጣችሁ፣ «ቆጣሪው ለአስተዳደር ሲባል በእገሌ ስም ሆኗል፤ ይህም በቤቱ ላይ የተለየ መብት አይሰጠውም» የሚል አጭር ስምምነት ጽፋችሁ በምስክር ፈርሙ። ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ። አባታችሁ በሕይወት ሳሉ ሰጥተውት የነበረው ውክልና ግን በመሠረቱ ከእርሳቸው ጋር አብቅቷል፤ በእርሱ ተጠቅሞ መፈረም ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአረፈ ወዲህ ልጆቹ «አንቺ ወራሽ አይደለሽም፣ ቆጣሪውም አይገባሽም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን ግን አላወቁትም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ የሚወርሱት በመጀመሪያ ልጆች ናቸው፤ የትዳር ጓደኛ በሕግ ወራሽነት አልተቆጠረም። ነገር ግን በትዳር ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ ስለሆነ ግማሹ ውርስ ሳይሆን የእርስዎ የራስዎ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀትዎን ከሰነዶቹ ጋር አያይዘው፣ በቤቱም እየኖሩ መሆንዎን ገልጸው ማመልከት ይችላሉ። ልጆቹ ቢፈርሙልዎ ነገሩ ይፈጥናል። ካልፈረሙም ቢሉን በባለቤትዎ ስም እየከፈሉ ጉዳዩን በፍርድ ቤት ይከታተሉ እንጂ ከሰው ጋር ቆጣሪ ሥር አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ሟች ከመሞታቸው በፊት የተጠራቀመ ውዝፍ አለ። ከማን ኪስ ነው የሚከፈለው?

መልስ፦ ከውርሱ ሀብት። ሕጉ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል፣ ስጦታና ክፍፍል ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱ እንዳይቆረጥ አንዱ ወራሽ ቀድሞ ቢከፍል ደረሰኙን ይዞ ከውርሱ ይተካለታል። በሟች ስልክ ላይ ባለ ቴሌብር ወይም በባንክ ካርዳቸው፣ የሚስጥር ቁጥሩን ስለምታውቁ ብቻ፣ አትክፈሉ፤ ያ ገንዘብ ከሞቱበት ሰዓት ጀምሮ የወራሾች ሁሉ ነው። ውዝፉ ከፍ ያለ መስሎ ከታያችሁም ከጥንት ቢል ጋር ብቻ አታወዳድሩ፤ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ቆይቷል፣ የአንዱም ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በፍጆታ እርከን ይለያያል። በሩ ተዘግቶ ቆጣሪ አንባቢው ንባቡን በግምት የሞላበት ወር ካለ ግን የቆጣሪውን ፎቶ ይዛችሁ እርማት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ሒሳቡን የሚሰበስቡት እማማ ነበሩ፤ አሁን የሉም።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። እማማን አውቃቸው ነበር። ማድቤቱ በር ላይ በሲባጎ የታሰረች ሰማያዊ ደብተር ነበረቻቸው፤ በአንዱ ገጽ የአምፖሉ ብዛት፣ በሌላው ምጣድ ያለው፣ ፍሪጅ ያለው፣ ምልክት የተደረገበት። ያችን ደብተር ፈልጉ፤ ማን ስንት እንደሚያዋጣ የሚታወቀው በእርሷ ነው። ከዚያ አንድ ሰው መርጣችሁ ይሰብስብ፤ ወራሾቹም ይህን ይወቁ፤ ካልሆነ አንዱ ልጅ መጥቶ «የእናቴን ቆጣሪ ንቀሉ» ሲል ግቢው ሁሉ ይጨልማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በየስማችሁ የየራሳችሁን ቆጣሪ ማመልከት ነው። በደረጃ የሚያድግ ታሪፍ ባለበት አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ መደመር ሁላችሁንም ወደ ላይኛው እርከን ይገፋችኋል።

ጥያቄ፦ የካርድ ቆጣሪ ነው። ካርዱ ውስጥ የቀረው ሒሳብ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም፤ የተሞላው ኃይል ለቆጣሪው እንጂ ለሰውየው አይደለም። ካርዱ ግን በሟች ቦርሳ ውስጥ እንዳይቀበር ወይም ከልብሱ ጋር እንዳይሰጥ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ካዛንቺስ ነበር፤ በልማት ተነሥተናል። ቆጣሪው ግን አሁንም በሟች አባቴ ስም ተመዝግቦ ይገኛል።

መልስ፦ ቤቱ ስለፈረሰ ውሉ ፈርሷል ማለት አይደለም። ቆጣሪው ሲነሣ የነበረው የመጨረሻ ንባብ፣ የተረከበው አካልና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ካላችሁ ያንን ይዛችሁ ውሉ እንዲዘጋ አመልክቱ፤ ውዝፍ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ተቀበሉ። ሲዋዋሉ ያስያዙት ገንዘብ ካለም በዚሁ አጋጣሚ ጠይቁ። በአዲሱ ቤት የሚገባው መስመር ከመጀመሪያው በሚኖርበት ሰው ስም ይሁን፤ ከቢሉ ጋር የተያያዘው ስልክ ቁጥርም የሟች እንዳይሆን። መልእክቱ ወደ ተዘጋ ስልክ ሲላክ ቆይቶ፣ ቤተሰቡ የቆራጩን መሰላል አጥር ላይ ሲያይ ነው የሚሰማው።