የሰዓት እላፊ ሌሊቶች፦ ለእናንተ ለወጣቶቹ

በቀደም አንዲት ወጣት ሠዓሊ «ጋሼ፣ በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ እንዴት ትዝናኑ ነበር?» አለችኝ። እሷና ጓደኞቿ ተከራይተው በሚኖሩበት ግቢ ሥዕል፣ ግጥምና ሙዚቃ ያለበት ምሽት ያሰናዳሉ። ጥያቄዋ ሆዴን አባባው።

ብር ያለው ሆቴል ይገባ ነበር። ሒልተን ዋልያስ ባንድ ነበረ። እኩለ ሌሊት ሲደርስ በር ይዘጋል፣ እስኪነጋ ወጪ የለም፣ ባንዱም ይጫወታል።

እኛ የቂርቆስ ልጆች ለዚያ አቅም አልነበረንም። ቀን ቀን በቀበሌው የኪነት ቡድን አብዮቱን እናወድሳለን። ማታ ያው የቀበሌው አኮርዲዮን በጋቢ ተጠቅልሎ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ይገባል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል። አብዮት ጥበቃ ሲያልፍ ጭጭ ነው። አንዱ የደበቀውን ግጥም ያነባል። ሌላው በከሰል ግድግዳው ላይ ይሥላል፤ ጠዋት ባለቤቷ እየተራገመች ታጥበዋለች። ጠላዋ ግን፣ አቤት ጠላ!

አንድ ቀጭን ልጅ ነበረ። ሊነጋጋ ሲል ትዝታ ያወጣል፣ ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል። አንድ ሌሊት በቴፕ ቀዳነው። ካሴት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ከወራት በኋላ የሆነ ሰው ሠርግ ቀረጸበት። ልጁን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፣ አልተመለሰም። ድምፁን ዛሬ ላሰማችሁ ብል ያለኝ የሙሽራ ዘፈን ነው።

የዋልያሱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። በ1985 እ.ኤ.አ. የቀረጸውን አንድ ካሴት ባሕር ዳር ያገኘ አሜሪካዊ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመለት፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ ባይኖርስ?

ስለ ፈቃድና ስለ ስፖንሰር ሌላ ሰው ይምከራችሁ። እኔ የምለው፣ ቅረጹ። ቀኑን ጻፉ፣ ስም ጻፉ፣ በር የጠበቀውን ሳይቀር። እኛ ያቺን ባለ ቤት «እትዬ» ከማለት በቀር ሙሉ ስሟን የሚያውቅ የለንም።

ደግሞ እናንተ ጋ ሁሉም ሰው ስልክ ደግኖ ዘፋኙን የሚያይ የሚጠፋበት ነገር ያናድደኛል። የእኛ ሌሊት የጣፈጠው ማንም ስለማይቀርጸን ይመስለኛል። ብቻ አንድ ሰው መድቡና እሱ ይቅረጽ፤ ሌሎቻችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ጨፍሩ።