ቁልፉን ለማን ሰጥታችሁ ትሄዳላችሁ?

ይድረስ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በወልዲያ ትንሽ ሱቅ ከፍታችሁ፣ ጎን ለጎን በሚሊሻነት ወይም በተጠባባቂነት ለምታገለግሉ ልጆቼ። እንደምን ከርማችኋል? ሱቁስ፣ ቤተሰቡስ?

ሚሊሻ ማለት ከሥራውና ከኑሮው ሳይነጠል አካባቢውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ገበሬ ከሆነ እርሻው ጥቂት ቀን ቢታገሥ ይታገሠዋል፤ ሱቅ ግን አይታገሥም። ደንበኛ ጠዋት መጥቶ ዝግ ካገኘ ማታ የሚገዛው ከጎረቤት ነው። ወደ አገልግሎቱ ግቡ ወይም አትግቡ ልላችሁ አልተነሣሁም፤ እሱን ከቤተሰባችሁ ጋር ትመክሩበታላችሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ዕድሜውን በነጋዴ ደብተር ላይ ያሳለፈ የሂሳብ ሰው የሚያውቀውን ያህል ነው።

በመጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ እወቁ። ተቀጣሪ ሠራተኛ ለብሔራዊ ጥሪ ቢሄድ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ጥሪው ሲያበቃ ሪፖርት አድርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባለሱቅ ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። ኪራዩ አይታገድም፣ እቁቡ አይታገድም፣ የአከፋፋዩ ዕዳም አይታገድም። ስለዚህ ቦታችሁን የምትጠብቁት ራሳችሁ ናችሁ፤ የምትጠብቁትም ከመሄዳችሁ በፊት ነው።

ብዙ ወጣት ጥሪ ሲመጣ የሚጨነቀው «ስንት ቀን እቀራለሁ?» ብሎ ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት «እኔ ብቻ የማውቀው ምንድን ነው?» ነው። ሱቁን የሚዘጋው የባለቤቱ መቅረት ሳይሆን በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለው ነገር መብዛቱ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ይበቃል። ከሰኞ እስከ እሑድ ረዳታችሁ የጠየቀቻችሁን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ «ይሄ ስንት ነው?»፣ «ለእትዬ በዱቤ ልስጥ?»፣ «ዘይቱን ከማን ነው የምናመጣው?»፣ «የመብራቱ ካርድ የት ነው?» እያለች የጠየቀችውን በሙሉ። እሑድ ማታ ወረቀቱን ብታነቡት እናንተ በሌላችሁበት ቀን ሱቁ የሚቆምበትን ቦታ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። መልሶቹን ከጎናቸው ጽፋችሁ ከመደርደሪያው ጀርባ ለጥፉት።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። ለምሳሌ በቀን 6,000 ብር የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ከሽያጩ 12 በመቶው ትርፍ ቢሆን በቀን 720 ብር ነው። ኪራይ በወር 6,000፣ የረዳት ደመወዝ 4,500፣ መብራት፣ ውሃና ጥበቃ 900፤ ጠቅላላ 11,400 ብር፣ በቀን 380 መሆኑ ነው። ለባለቤቱ በቀን 340 ብር ይተርፈዋል።

ይህ ሱቅ ለ15 ቀን ሥልጠና ቢዘጋ 5,700 ብር ወጪ ይቆጥራል፣ ምንም አያስገባም። ረዳቷ ከፍታው ሽያጩ ወርዶ ከግማሽ ትንሽ ብቻ ቢበልጥስ? በ15 ቀን 48,860 ብር ገደማ ብትሸጥ ትርፉ 5,860 ብር ይሆናል። ወጪው 5,700 ነው። እንግዲህ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ሽያጭ ሱቁን ራሱን ያስችለዋል ማለት ነው። ባለቤቱ በሌለበት «እንዲህ ከሚሆን ይዘጋ» የሚሉ አሉ፤ ስሌቱን ስላልሠሩት ነው። ይህ ሽያጭ አያበለጽግም፣ ግን በሩ ክፍት ሆኖ፣ የደንበኛው እግር ወደ ሌላ ሳይላመድ፣ ኪራዩ ተከፍሎ ይጠብቃችኋል።

ለዚህ ግን መጠባበቂያ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ልኩም የአንድ ወር ቋሚ ወጪ ነው። በምሳሌያችን 11,400 ብር። በየቀኑ 100 ብር ለይታችሁ ብታስቀምጡ 114 ቀን፣ አራት ወር የማይሞላ ጊዜ ይፈጃል። ይህ ገንዘብ ዕቃ አይገዛበትም፣ ለእቁብ አይሰጥም። ከሱቁ ሂሳብ በተለየ ደብተር ባንክ ይቀመጥ።

ልብ በሉ፣ ከላይ ያለው 5,860 እና 5,700 የሚለያዩት በ160 ብር ብቻ ነው። ትንሽ ጉድለት ሁሉንም ይበላዋል። ለዚህ ነው ቆጠራ የምለው። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ማታ ከረዳታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ዕቃውን በተገዛበት ዋጋ ቁጠሩ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ ለእሷ ስጡ። ስትመለሱም እንዲሁ። መነሻው 85,000 ብር ነበር፣ በመሀል የ22,000 ዕቃ ገባ፣ ስትመለሱ 64,000 ቀረ እንበል። 85,000 ሲደመር 22,000 ሲቀነስ 64,000፣ የተሸጠው ዕቃ መግዣው 43,000 ነው። ትርፉ ከሽያጩ 12 በመቶ ስለሆነ መግዣው የመሸጫው 88 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ለ0.88 ሲካፈል መሸጫው 48,860 ገደማ ይመጣል። በእጅና በባንክ 44,000፣ በዱቤ ደብተር 3,500 ካገኛችሁ 1,360 ብር ጎድሏል። ይህን ሳትቆጡ ጠይቁ። ስኳርና ሩዝ በኪሎ ሲቸረቸር ከጆንያው ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ የተበላሸ ዳቦ አለ፤ ያልተጻፈ ዱቤ አለ። የፊርማ ቆጠራ ረዳቷን ከሐሜት የሚያድናት ነው። ያለ ቆጠራ ሄዶ ተመልሶ «ገንዘቤ ጎደለ» ማለት በሰው ላይ ግፍ ነው።

ሌላው ዋጋ ነው። አከፋፋይ ዋጋ ሲጨምር ረዳቷ በድሮው ዋጋ ትሸጣለች፤ መሳቢያው ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ዕቃው ሲያልቅ በዚያ ገንዘብ መልሳችሁ መግዛት አትችሉም። ሱቅ እየሸጠ የሚከስረው እንዲህ ነው። ሕጉን ጽፋችሁ ስጧት፦ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አከፋፋዩ ጋ ደውላ የዋናዎቹን ዕቃዎች ዋጋ ትጠይቅ፣ መግዣውን ለ0.88 አካፍላ አዲሱን መሸጫ ትለጥፍ። በ264 ብር የሚገባ አንድ ሊትር ዘይት 300 ብር ይሸጣል። ብዙ ሰው መግዣው ላይ 12 በመቶ ይደምርና 296 ብር ገደማ ይሸጣል። የአራት ብር ልዩነት በአንድ ሊትር ትንሽ ናት፣ በመቶ ሊትር ግን 400 ብር ነው።

ዱቤን በተመለከተ፣ እናንተ በሌላችሁበት አዲስ ዱቤ አይከፈት። ነባሮቹ ደንበኞች ስማቸውና ጣሪያቸው ከደብተሩ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ፤ ለአንዱ 500፣ ለሌላው 1,000 ብር። ረዳቷ «ጋሼ አልፈቀደም» ብላ ሰው ከምታስቀይም፣ «ደብተሩ ላይ ይህን ያህል ነው ያለው» ብትል ይቀላታል። የዱቤ ደብተሩን ሁልጊዜ ማታ በስልክ ፎቶ አንሥታ ለቤተሰብ ትላክ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የሱቅ ዝርፊያ የደረሰበት ነጋዴ ብዙ ነው። ደብተር ከሱቁ ጋር አብሮ ከሄደ ሰው ምን እንዳለበት የሚናገር ምንም አይቀርም።

ስልካችሁንም አስቡበት። ግዳጅ ላይ ስልክ ሊጠፋ ወይም ሊከለከል ይችላል። ደንበኛ ግን በቴሌብር የሚከፍለው ወደ እናንተ ቁጥር ነው፤ ረዳቷ ገንዘቡ መግባቱን የምታረጋግጥበት መንገድ የላትም። ደንበኛው ስልኩ ላይ ያሳያት መልእክት እውነት ይሁን ሐሰት አታውቅም፤ በሐሰተኛ መልእክት ዕቃ የወሰደ ሰው ብዙ ነው። መፍትሔው ለሱቁ የብቻው ሲም ካርድ ማውጣት ነው። በባለቤታችሁ ወይም በእናታችሁ ስም ይሁን፤ ስልኩም ከሱቁ አይውጣ። መልእክቱ እዚያው ስልክ ላይ ካልገባ ዕቃ አይሰጥም። የሚስጥር ቁጥሩን ረዳቷ አትወቀው፤ እሷ ገቢውን ማየት ይበቃታል።

አሁን ወደ ውክልና። ሰነድ ከሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ፤ ጥሪ ከመጣ በኋላ ግን ጊዜ አይኖርም። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2203 እንደሚለው በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ሥልጣኑ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። አንቀጽ 2204 ይዘረዝረዋል፤ ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይ፣ ሊሸጥ የተዘጋጀን ዕቃ መሸጥ ለሱቅ የሚበቁ ናቸው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከሰስ ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብላችሁ ሄዳችሁ፣ አከራዩ ክስ ቢያመጣ ወኪላችሁ ፍርድ ቤት ቆሞ መናገር አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ «በፍርድ ቤት ክስ ለማቅረብና መልስ ለመስጠት» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። ቤት ለመሸጥ የሚለውን ግን ያለ ምክንያት አታስገቡ።

ግብርና ፈቃድን ለመጨረሻ ቀን አታቆዩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። እንደ እናንተ ላለ ሰው ታኅሣሥ የለም፤ በሐምሌ ጨርሱት። በግዳጅ ምክንያት ሱቁ ከተዘጋም የተዘጋበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጠራችሁ አካል ተቀብላችሁ፣ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፤ የገባበትን ቀንና ማኅተም የያዘ ቅጂ ይኑራችሁ።

እቁብ ስትገቡ ልካችሁን ከሽያጭ ሳይሆን ከትርፍ ቁረጡ። በምሳሌያችን ከወጪ በኋላ በሳምንት የሚተርፈው 2,380 ብር ነው፤ በየቀኑ 100 ብር ለመጠባበቂያ ሲለይለት የ1,000 ብር እቁብ ይችለዋል፣ የ2,000ው አይችለውም። ለእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በሌላችሁበት የሚከፍለውን ሰው በስም አስመዝግቡ። ለቅሬውም፣ ማለትም ለእድሩ፣ እንዲሁ። ቅሬ ላይ ሳይናገሩ መቅረት የወሎ ሰው በቀላሉ የሚያልፈው ነገር አይደለም። የቅሬ ዳኛው ካወቀ ግን ቤተሰባችሁን እናንተ በሌላችሁበት የሚጠይቀው ያው ቅሬው ነው።

ሽርክና ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ጓድ ውስጥ ሆነው አንድ ሱቅ ቢከፍቱ ጥሪው ሲመጣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ሸሪክ ስትመርጡ ይህን ቁጠሩ።

ሮንድ አድራችሁ ለምትገቡ፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ዳቦና ሻይ ቅጠል የሚገዛበት ጊዜ ስለሆነ ረዳቷ ትክፈት። እናንተ ተኝታችሁ ከስድስት ሰዓት በኋላ ግቡ። እንቅልፍ ያላገኘ ሰው መልስ ይሳሳታል፤ ከዚያ የከፋው ግን የጅምላ ግዢ መወሰኑ ነው። ሮንድ ባደራችሁበት ቀን ከአከፋፋይ ጋር አትስማሙ፣ ለማንም ዋስ አትሁኑ። ተራ ሲወጣም ከረመዳን በፊት ያሉትን ሳምንታት፣ የፋሲካን ዋዜማና መስከረም 21ን፣ ለግሸን ደሴ በተጓዥ የምትሞላበትን ሰሞን አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ከጓደኛ ጋር ተራ መቀያየር ይቻላል፣ በወቅቱ ከተጠየቀ።

በክረምት ሱቁ ተዘግቶ የሚሰነብት ከሆነ የደሴን ብርድና ጉም አትርሱ። ጨውና ስኳር እርጥበት ይስባሉ። ጆንያው ሲሚንቶ ላይ ካረፈ ከታች ረጥቦ ይጋገራል፤ በርበሬና ሽሮ ይሻግታል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሥሩ፣ ከግድግዳውም እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፤ አየር ይግባበት። ዱቄቱንና በርበሬውን ግን ከመሄዳችሁ በፊት በቅናሽም ቢሆን ሽጡት።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። መሣሪያ ሱቅ ውስጥ አይቀመጥ፣ ከመደርደሪያ ጀርባም ቢሆን። ዱቤ በዩኒፎርም አይጠየቅም። በፍርሃት የከፈለ ሰው አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ሁለተኛ በደጃችሁ አያልፍም፣ ለጎረቤቱም ይናገራል። የምታገለግሉበት ክፍል ዕቃ ሲገዛም ሻጭ ሆናችሁ አትቅረቡ። ሰው አደራውን ከትርፉ ጋር ቀላቀለው ከተባለ ሱቁም አገልግሎቱም ስሙ ይጠፋል። ሱቅ ስትገቡ ልብሳችሁን ቀይራችሁ ግቡ።

ስትመለሱ የመጀመሪያው ማታ ከመሳቢያው ምንም ብር አታውጡ። ከረዳታችሁ ጋር ቁጠሩ፣ ልዩነቱን ጻፉ፣ ፈርሙ። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የአከፋፋዩን ዕዳ ክፈሉ፤ ቀጥሎ ከመጠባበቂያው የወጣውን መልሳችሁ ለመሙላት የዕለቱን 100 ብር ጀምሩ። የረዳቷን ደመወዝ ያለ መዘግየት ስጧት፤ የሁለት ቀን ዕረፍትም ከደመወዝ ጋር ትውሰድ። እነዚያን ሁለት ቀን እናንተ ከባንኮኒው ጀርባ ቁሙ፤ በሌላችሁበት የሆነውን ደንበኞቹ ራሳቸው ያወሯችኋል።